ሽቦው ላይ ዜሮም አንድም የለም

የኮሙኒኬሽን ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ስዬ ነበር። በግራ በኩል ያለው ለስለስ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ ሲሆን ከሥሩ «አናሎግ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ፣ የግንብ አናት የመሰለ መስመር ሲሆን ከሥሩ «ዲጂታል» ይላል። የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት በዚያች ገጽ ያለቀ መስሎኝ አንድ ሙሉ መንፈቅ ቆየሁ። ሥዕሎቹ ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ተማሪው ዓይኑን መጣል ከሚገባው ቦታ ሌላ እንዲመለከት ያደርጉታል።

እኔን ያረመኝ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የቮልቴጅን መለዋወጥ በስክሪን ላይ በመስመር የሚስል መሣሪያ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ 200 ሜትር ያህል የስልክ ሽቦ ከነጥቅሉ ተሰጠንና በአንደኛው ጫፍ ላይ በሰከንድ 2 ሚሊዮን ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) የሚልክ ሰርኪዩት አገናኘን። በላኪው በኩል የሚታየው ልክ ደብተሬ ላይ እንደሳልኩት ጠርዙ የተሳለ መስመር ነበር። የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሳዛውር ግን ግንቡ የለም። ጠርዞቹ ተሸርሽረዋል፤ አንዱ ቢት ጅራቱን በተከታዩ ላይ እየጎተተ ያልፋል፤ በዜሮዎች መካከል ብቻውን የመጣ «አንድ» ሙሉ ከፍታው ላይ ሳይደርስ ይመለሳል፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የሚርመሰመስ ቀጭን ኖይዝ (ያልተፈለገ የቮልቴጅ ንቅናቄ) ተነስንሶበታል። ያየሁት ነገር ደብተሬ ላይ «አናሎግ» ብዬ ከጻፍኩበት ሥዕል ጋር ይበልጥ ይመሳሰል ነበር። ሆኖም መቀበያው የተላከለትን ቢት በሙሉ፣ አንዱንም ሳይስት፣ ዘርዝሮ አስቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽቦ ላይ የሚጓዘው ምንጊዜም ቮልቴጅ ነው፤ በአየር ላይ የሚጓዘውም ምንጊዜም የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ነው። ሁለቱም ያለ ማቋረጥ የሚለዋወጡ መጠኖች በመሆናቸው፣ በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ያለ የመገናኛ መስመር ሁሉ አናሎግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የሚጀምረው ሞገዱ መቀበያው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። የአናሎግ መቀበያ የደረሰው ቅርጽ ራሱ መልእክቱ ስለሆነ እያንዳንዱን ትንሽ ጉብታና ስርጉድ እንዳለ ለማባዛት ይገደዳል፤ ከእነዚያ መካከል የትኛው ከተናጋሪው አፍ እንደወጣ፣ የትኛውም በመንገድ ላይ እንደተጨመረ የሚለይበት መንገድ የለውም። የዲጂታል መቀበያ ግን ላኪው ሊልክ የሚችላቸው ቅርጾች ምን ምን እንደሆኑ አስቀድሞ ያውቃል። ሥራውም የደረሰውን ነገር ማባዛት ሳይሆን ከሚታወቁት ጥቂት አማራጮች መካከል ለየትኛው እንደሚቀርብ መወሰን ነው። ይህች የመወሰን መብት የዲጂታል ኮሙኒኬሽን ነፍስ ናት፤ የቀረው ሁሉ፣ ጥቅሙም ዋጋውም፣ ከእርሷ ይመነጫል።

የመወሰን መብት ይህን ያህል ውድ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ኖይዝን በቅርበት መመልከት ያስፈልጋል። በማንኛውም ሬዚስተር (ጅረትን የሚገታ ዕቃ) ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ሙቀት እስካላቸው ድረስ ስለማያርፉ፣ ምንም ነገር ባይገናኝበት እንኳ በሬዚስተሩ ጫፎች ላይ ጥቃቅን ቮልቴጅ ይንቀጠቀጣል። ይህን በአሜሪካው የስልክ ምርምር ተቋም በቤል ላብስ ጆን ጆንሰን በመለካት፣ ሃሪ ናይኲስት ደግሞ በስሌት አስረድተው ጽሑፎቻቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መጠኑም ይታወቃል፦ በክፍል ሙቀት ለእያንዳንዱ 1 ኸርዝ የባንድዊድዝ (የምንጠቀምበት የድግግሞሽ ክልል) ስፋት ከ1 ሚሊዋት በ174 ዴሲቤል ያነሰ ኃይል አለ፤ ዴሲቤል ምጥጥንን የሚለካ ሲሆን በእያንዳንዱ 10 ዴሲቤል ኃይሉ 10 እጥፍ ይለያያል። ባንዱን ወደ 1 ሜጋኸርዝ ስናሰፋው ኖይዙ በ60 ዴሲቤል ያድግና ከ1 ሚሊዋት 114 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ቁጥሩ ከምንም የማይቆጠር ይመስላል፤ ነገር ግን ከሩቅ የመጣ የሬዲዮ ሲግናል አንቴና ላይ ሲደርስ እርሱም በዚያው አካባቢ ስለሚገኝ፣ ከዚህ ወለል ጋር መጋፈጥ የሁሉም መሐንዲስ ዕጣ ነው። ማጉያ ብናስገባም ኖይዙ አብሮ ይጎላል፤ ማጉያውም የራሱን ይጨምርበታል።

አሁን ረጅም መስመር እናስብ። በየተወሰነ ርቀት ማጉያ የተተከለበት፣ 10 እኩል ክፍሎች ያሉት የአናሎግ መስመር ቢኖረን፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ኖይዝ እየጨመረ ስለሚሄድ በመጨረሻው ጫፍ ላይ የሲግናልና የኖይዝ ምጥጥን ከአንዱ ክፍል ጋር ሲነጻጸር በ10 ዴሲቤል ይወርዳል። ክፍሎቹ 100 ቢሆኑ በ20 ዴሲቤል ይወርዳል። አንዴ የገባ ኖይዝ አይወጣም። በዲጂታሉ መስመር ላይ ግን በማጉያው ፋንታ የሚቆመው ዕቃ የደረሰውን የተጎሳቆለ ቅርጽ ተመልክቶ «ይህ አንድ ነው» ብሎ ከወሰነ በኋላ ፍጹም አዲስ፣ ጠርዙ የተሳለ «አንድ» ራሱ ይልካል። እስከዚያ ድረስ የተከማቸው ኖይዝ እዚያው ይቀራል። ተሳስቶ ቢወስን ስሕተቱ ይተላለፋል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል ከሚሊዮን ቢት አንዱን ቢስት 10ሩ ክፍሎች በድምሩ ከሚሊዮን 10 ያህል ይስታሉ ማለት ነው። ይህንንም ለማካካስ የሚያስፈልገው ጭማሪ የሚያስገርም ነው። በሁለት ተቃራኒ ፌዞች (ሞገዱ በዙሩ ውስጥ የሚገኝበት ቦታ ፌዝ ይባላል) ዜሮንና አንድን በሚልከው ቀላል ዘዴ፣ የአንድ ቢት ጉልበት ከኖይዝ እፍጋት (በ1 ኸርዝ ካለው የኖይዝ ኃይል) ጋር ያለው ምጥጥን 9.6 ዴሲቤል ሲሆን ከ100,000 ቢት አንዱ ይሳታል፤ ወደ 10.5 ዴሲቤል ሲያድግ ደግሞ ከሚሊዮን አንዱ ብቻ ይሳታል። ከ1 ዴሲቤል ባነሰ ጭማሪ ስሕተቱ 10 እጥፍ ቀነሰ። በአናሎጉ ዓለም 1 ዴሲቤል ጨምሮ የሚገኘው 1 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምንም የለም።

በዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ የተለመደ አባባል ማረም እፈልጋለሁ። አናሎግ የጥንቱ፣ ዲጂታል የዘመኑ ነው ይባላል። የሳሙኤል ሞርስ ቴሌግራፍ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል መልእክት ያስተላለፈው በ1844 ሲሆን፣ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ለስልክ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1876 ነው። ቴሌግራፍ ጥቂት የታወቁ ምልክቶች ያሉት፣ ተቀባዩ ከእነርሱ አንዱን የሚመርጥበት ሥርዓት ስለሆነ በሁሉም መመዘኛ ዲጂታል ነው። ስለዚህ የሰው ልጅ በኤሌክትሪክ መነጋገር የጀመረው በዲጂታል ነው፤ ወደ አናሎግ የሄደው የድምፅን ቅርጽ በቁጥር መግለጽ ገና ስላልቻለ ነበር። ያም ሆኖ በመካከሉ ያለው የአናሎግ ዘመን ያስተማረንን ሳይማሩ ወደ ዲጂታል መዝለል አይቻልም፤ ዋነኛው ትምህርትም ሞዱሌሽን፣ ማለትም መልእክትን ድግግሞሹ ከፍ ባለ ተሸካሚ ሞገድ ላይ መጫን ነው።

የሰው ድምፅ በቀጥታ ወደ አንቴና ቢላክ ምን ይሆናል? አንቴና በአግባቡ እንዲያሰራጭ ርዝመቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት፤ የተለመደውም አንድ አራተኛው ነው። የ3 ኪሎኸርዝ ድምፅ ወደ ሬዲዮ ሞገድነት ቢቀየር ርዝመቱ 100 ኪሎሜትር ስለሚሆን 25 ኪሎሜትር የሚረዝም አንቴና ያስፈልገዋል። ያው ድምፅ በ100 ሜጋኸርዝ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ከተጫነ ግን 75 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ሁለተኛውም ምክንያት ከዚህ አያንስም፦ ሁሉም ሰው በአንድ የድምፅ ባንድ ላይ ቢናገር ማንም ማንንም አይሰማም፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ተሸካሚ ሲሰጠው ግን ሁሉም በአንድ አየር ላይ ሳይነካካ ይኖራል።

ከሞዱሌሽን ዘዴዎች ሁሉ ለመረዳት የሚቀለው የተሸካሚውን ከፍታ እንደ ድምፁ የሚለዋውጠው ኤኤም ነው። ተሸካሚው በራሱ ምንም መልእክት ስለማይዝ መልእክቱ የሚገኘው በግራና በቀኙ በሚፈጠሩት ሁለት የጎን ባንዶች ውስጥ ነው። በኃይል ረገድ ሲታይ ነገሩ ያሳዝናል፦ ተሸካሚው 100 ዋት ቢሆንና አንድ ወጥ ቃና እስከ መቶ በመቶ ቢጫንበት፣ አጠቃላዩ 150 ዋት ሲሆን ከዚህ ውስጥ መልእክት የሚሸከመው 50 ዋት ብቻ ነው። ያውም ሁለቱ የጎን ባንዶች አንዱ የሌላው መስታወት ስለሆኑ 25 ዋት በበቃ ነበር። ታዲያ ይህን ያህል አባካኝ ዘዴ ለምን ተመረጠ? መልሱ መቀበያው ላይ ነው። ተሸካሚው አብሮ ስለተላከ፣ መልእክቱን ለማውጣት አንድ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም) ይበቃሉ። አንድ ማስተላለፊያ ለብዙ ሺህ አድማጮች ሲናገር፣ ብክነቱን ማስተላለፊያው ላይ ጥሎ መቀበያውን ማርከስ ትክክለኛ የምህንድስና ስሌት ነው።

ሦስቱ ዕቃዎች ይበቃሉ ማለት ግን የፈለጉትን ዓይነት ያስገቡ ማለት አይደለም፤ ይህን የተማርኩት በገዛ ስሕተቴ ነው። የ455 ኪሎኸርዝ ተሸካሚ ላይ 1 ኪሎኸርዝ ቃና ጭነን እንድናወጣው ታዘን ነበር። 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ቢገጠሙ የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም ካፓሲተሩ ቻርጁን የሚያፈስበት ጊዜ መለኪያ፣ 100 ማይክሮሰከንድ ይሆናል፤ ይህም ከተሸካሚው ዙር፣ ከ2.2 ማይክሮሰከንድ፣ በጣም የረዘመና ከቃናው ዙር፣ ከ1,000 ማይክሮሰከንድ፣ በደንብ ያጠረ ነው። እኔ ግን ካፓሲተሩን ከሳጥኑ ሳነሣ 103 የሚል ምልክት ያለበትን ትቼ 104 የሚል አነሣሁ፤ 10 እጥፍ የሚበልጥ፣ 100 ናኖፋራድ ማለት ነው። ኦሲሎስኮፑ ላይ የወጣው ቃና ሲወጣ ትክክል ሆኖ ሲወርድ ግን ሸለቆውን መከተል አቅቶት በቀጥታ መስመር ተንሸራተተ። ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ቻርጅ አፍስሶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ጉብታ ይደርስበታል። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ቃናው እንደተሰነጠቀ ደወል ሻከረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዳዮዱን ስጠረጥር ከቆየሁ በኋላ ነው ትንሿን ቁጥር ያየኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ካፓሲተር ሳልለካ አልገጥምም።

የኤፍኤም ታሪክ ይበልጥ ይማርካል። የተሸካሚውን ከፍታ ሳይነኩ ድግግሞሹን እንደ ድምፁ ማወዛወዝ ባንድዊድዝ ይቆጥባል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጆን ካርሰን በ1922 ስሌቱን ሠርቶ እንደማይቆጥብ አሳየ፤ ዘዴውም ጥቅም የለውም ብሎ ደመደመ። ስሌቱ ትክክል፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። ኤድዊን አርምስትሮንግ ጥያቄውን ገልብጦ ባንዱን ከማጥበብ ይልቅ ሆን ብሎ አሰፋው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1933 አገኘ። ዛሬ በኤፍኤም ስርጭት ድግግሞሹ እስከ 75 ኪሎኸርዝ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ 15 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ሲጫንበት በካርሰን ደንብ መሠረት የሁለቱ ድምር እጥፍ፣ ማለትም 180 ኪሎኸርዝ ባንድ ይይዛል። ለዚህ ስፋት የሚገኘው ምላሽ ጸጥታ ነው። መብረቅም ሆነ ሞተር የሚጨምረው ኖይዝ የሞገዱን ከፍታ ሲያናውጥ መቀበያው ከፍታውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ድግግሞሹን የሚነካው የኖይዝ ክፍል ደግሞ ሰፊው ውዝዋዜ ዘንድ ሲደርስ ኢምንት ይሆናል።

እዚህ ላይ ያለው ሐሳብ ከኤፍኤም የሰፋ ነው፦ ባንድዊድዝ ከፍሎ ከኖይዝ መከላከያ መግዛት ይቻላል። ግዢው ግን ገደብ አለው። የተሸካሚውና የኖይዙ ምጥጥን ከ10 ዴሲቤል አካባቢ በታች ሲወርድ የኤፍኤም መቀበያ በድንገት መንጫጫት፣ ቋ ቋ ማለት ይጀምርና ከዚያ ወዲያ ከኤኤም እንኳ ሊብስ ይችላል። ገደል፣ ማለትም ጥራቱ በድንገት የሚወድቅበት ጫፍ፣ ያለው ዲጂታል ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሳሉ።

ድምፅን ወደ ቁጥር መቀየር የሚጀምረው ናሙና በመውሰድ፣ ማለትም የሞገዱን ቁመት በየተወሰነ ጊዜ በመለካት ነው። ከአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ በላይ ምንም ይዘት የሌለው ሲግናል፣ ከዚያ ድግግሞሽ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ናሙና ከተወሰደለት፣ በናሙናዎቹ መካከል የነበረው ሁሉ ሳይጎድል መልሶ ሊገነባ ይችላል። ናይኲስት በ1928 በቴሌግራፍ ጥናቱ መሠረቱን ጣለ፤ ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ሐሳቡን በግልጽ አስቀመጡት። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ «በግምት ይገነባል» ብለው ይረዱታል። በግምት አይደለም፤ ሁኔታው እስከተሟላ ድረስ በትክክል ነው። ባንዱ የተገደበ ሲግናል በሁለት ናሙናዎች መካከል እንደልቡ የመታጠፍ ነጻነት የለውም።

ሁኔታው ካልተሟላ የሚሆነውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሰከንድ 8,000 ናሙና የሚወስድ ሰርኪዩት ሠርተን ከፊቱ መኖር የነበረበትን፣ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን የሚያግድ ፊልተር ለጊዜው ይቅር ብለን ተውነው። 3 ኪሎኸርዝ ቃና ስንልክ 3 ኪሎኸርዝ ወጣ። የሲግናል ማመንጫውን ቁልፍ ወደ 5 ኪሎኸርዝ ባዞርኩት ጊዜ የወጣው እንደገና 3 ኪሎኸርዝ ነበር። ወደ 6 ሳሳድገው የሚሰማው ቃና ወደ 2 ወረደ፤ ወደ 7 ሳደርሰው ወደ 1 ኪሎኸርዝ ጎርነን አለ። እጄ እያሳደገ ጆሮዬ ሲወርድ የሚሰማው ነገር ነበር። ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ እንደ ወረቀት ታጥፎ ከታችኛው ላይ ይተኛል። አንዴ ከታጠፈ በኋላ 3 ኪሎኸርዙ እውነተኛው ይሁን አስመሳዩ ቁጥሮቹን አይቶ የሚለይ ዘዴ የለም፤ ፊልተሩ ከናሙናው በፊት እንጂ በኋላ ቢመጣ ዋጋ የማይኖረው ለዚህ ነው።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ቁመቱ ወደ ቁጥር ይጠጋጋል። እዚህ ላይ ግን በፈቃዳችን የምናጠፋው ነገር አለ፤ የተጠጋጋው አይመለስም። ስሕተቱ እንደ ኖይዝ ስለሚሰማ የኳንታይዜሽን ኖይዝ ይባላል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢትም 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። 8 ቢት 256 ደረጃዎች ይሰጣል፤ ለሙሉ ከፍታ ሳይን ሞገድም ምጥጥኑ 50 ዴሲቤል ገደማ ነው። 16 ቢት ወደ 98 ዴሲቤል ያደርሳል። ለስልክ 8 ቢት የበቃው ደረጃዎቹ እኩል ስላልተከፋፈሉ ነው፦ ሹክሹክታ በሚገኝበት በዝቅተኛው ከፍታ ደረጃዎቹ ተቀራርበው፣ ጩኸት በሚገኝበት በላይኛው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ጆሮም ጩኸት ውስጥ ያለ ትንሽ ስሕተት አይሰማም።

ሒሳቡን እንሥራ። የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 8,000 ናሙና በ8 ቢት ሲባዛ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። አሌክ ሪቭስ ይህን በቁጥር የመላክ ዘዴ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲያቀርብ በቫኩም ቱቦ ዘመን በርካሽ መሥራት የማይታሰብ ስለነበር ትራንዚስተር እስኪመጣ ድረስ ተቀመጠ። የዋጋው አንዱ ክፍል እዚህ ይታያል። ናይኲስት እንዳሳየው ስፋቱ የታወቀ ባንድ በሰከንድ ከስፋቱ እጥፍ በላይ ምልክቶችን ሳይደበላለቁ ሊሸከም አይችልም፤ ስለዚህ እነዚያ 64,000 ቢቶች አንድ በአንድ ቢላኩ ቢያንስ 32 ኪሎኸርዝ ይፈልጋሉ። በአናሎግ 4 ኪሎኸርዝ ይበቃው የነበረ ድምፅ 8 እጥፍ ሰፋ። አርምስትሮንግ የከፈለው ዋጋ በሌላ መልክ ተከፈለ፤ የተገዛው ግን የመወሰን መብት ነው።

ወደዚያ ሽቦ እንመለስ። የቢቶቹ ጅራት እርስ በርስ የሚጎታተተው ሽቦው ከፍተኛ ድግግሞሾችን ስለሚያዳክም ነው። ኦሲሎስኮፑን በቢቶቹ ሰዓት እንዲነሣ አድርገው የብዙ ሺህ ቢቶችን መስመር አንዱን በሌላው ላይ ሲደራርቡት የዓይን ሥዕል የሚባለው ይወጣል። ላዩ ቅንድብ፣ ታቹ ሽፋሽፍት፣ መካከሉ ክፍት ነው። ዓይኑ ወደ ላይና ወደ ታች የተከፈተበት መጠን ኖይዝ የሚጫወትበትን ቦታ ያሳያል፤ ወደ ጎን የተከፈተበት ደግሞ መቀበያው ናሙና በሚወስድበት ቅጽበት ላይ ሊሳሳት የሚችልበትን ልክ ያሳያል። የእኛው ዓይን ግማሽ ያህል ተጨፍኖ ነበር፤ ግን መሃሉ ላይ ክፍተት ስለነበረ መቀበያው አልሳተም። ላኪውን ወደ 4 ሚሊዮን ቢት ስናፈጥነው ዓይኑ ጠበበ፤ ወደ 8 ስናደርሰው ተከደነ፤ የስሕተት ቆጣሪውም ለመጀመሪያ ጊዜ መሮጥ ጀመረ። ለኮሙኒኬሽን ተማሪ ከማንኛውም ቀመር በፊት ይህን ሥዕል ባሳየው እመርጣለሁ።

ባንዱ ከጠበበ ፍጥነት የሚገኘው በአንድ ምልክት ላይ ብዙ ቢት በመጫን ነው። የተሸካሚውን ከፍታና ፌዝ አንድ ላይ ብንመርጥ እያንዳንዱ ምልክት በወረቀት ላይ እንደሚቀመጥ ነጥብ ይሆናል፦ 4 ነጥብ 2 ቢት፣ 16 ነጥብ 4 ቢት፣ 64 ነጥብ 6 ቢት። ነገር ግን ኃይሉ ካልጨመረ ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር ይቀራረባሉ፤ ርቀታቸውን ለመጠበቅ ለ2 ተጨማሪ ቢት ኃይሉ 4 እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ታዲያ የት ድረስ ይኬዳል? ይህን በ1948 የመለሰው ሻነን ነው። የአንድ መስመር አቅም ከባንዱ ስፋት ጋር ቀጥታ ያድጋል፤ ከሲግናልና ከኖይዝ ምጥጥን ጋር ግን በሎጋሪዝም ብቻ ያድጋል። የስልኩን 3,100 ኸርዝ ባንድ በ30 ዴሲቤል ምጥጥን ብናሰላ በሰከንድ 31,000 ቢት ገደማ ይሰጣል፤ በስልክ መስመር ላይ ይሠሩ የነበሩ ሞደሞች ምጥጥኑ ትንሽ ሻል ባለ መስመር ላይ በሁለቱም አቅጣጫ 33,600 አካባቢ ሲደርሱ የቆሙት ከዚሁ ዓይነት ግድግዳ ጋር ተጋጭተው ነው።

የሻነን ውጤት ሰዎችን ያስደነገጠው ግን በሌላ በኩል ነው። ከዚያ በፊት ስሕተትን ለመቀነስ ያለው መንገድ ኃይል መጨመር ወይም ፍጥነትን መቀነስ ብቻ ይመስል ነበር። እርሱ ግን ከአቅሙ በታች እስከሆንን ድረስ፣ ፍጥነቱን ወደ ዜሮ ሳናወርድ፣ ስሕተቱን የፈለግነውን ያህል ማሳነስ እንደሚቻል አረጋገጠ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አልነገረንም። መሐንዲሶች ያን ለማግኘት አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው። ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ለ4 የመረጃ ቢቶች 3 ጠባቂ ቢቶችን ጨምሮ ከ7ቱ ማንኛውም አንዱ ቢሳሳት የትኛው እንደሆነ ጠቁሞ የሚያርም ኮድ አሳተመ። ሮበርት ጋላገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ኮድ ለዘመኑ ኮምፒውተሮች ስለከበደ ተረስቶ ቆየ። በ1993 ክሎድ ቤሩና ባልደረቦቹ ቱርቦ ኮድን ይዘው ሲመጡ ከሻነን ወሰን በጥቂት የዴሲቤል ክፍልፋይ ብቻ ራቁ፤ የጋላገር ኮድም ከዚያ በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ በ5ጂ ውስጥ ዳታን ይጠብቃል።

የዋጋው ሌላኛው ክፍል መዘግየትና ገደል ነው። በጂኤስኤም (በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል) ስልክ ድምፅ በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ እየተጠራቀመ ስለሚሠራ፣ ቁራጩ ሳይሞላ ምንም አይላክም። ስለ ገደሉ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚመለከት ሁሉ ያውቃል፦ የአናሎግ ሥዕል ሲግናሉ ሲደክም እየበረዘና እየነጣ ይሄዳል፤ የዲጂታሉ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጥርት ብሎ ቆይቶ ድንገት ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበተናል። ስሕተቱ በ1 ዴሲቤል 10 እጥፍ ይቀንሳል ያልነው መልካም ዜና ወደ ታች ሲነበብ ይህ ነው።

ዘመናዊ ሬዲዮዎች ከገደሉ ጫፍ የሚርቁት የነጥቦቻቸውን ቁጥር በመቀነስ ነው። አንድ ጊዜ የሬዲዮ ሊንክ ሁለቱን ጫፎች በኬብልና ሲግናሉን በሚያዳክም መቀነሻ አገናኝተን የተቀባዩን ነጥቦች በመለኪያ ስክሪን ላይ ተመለከትን። 64ቱ ነጥቦች 8 በ8 ሆነው እንደተሰፋ ጥልፍ ተደርድረዋል። መቀነሻውን አንድ አንድ ዴሲቤል እያልኩ ሳዞረው እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ጭጋግ ኳስ አበጠ፤ ኳሶቹ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ፤ የስሕተት ማረሚያው ቆጣሪ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ዴሲቤል ጨመርኩ። ስክሪኑ ለአፍታ ባዶ ሆነና 16 ነጥቦች ብቻ፣ 4 በ4 ሆነው፣ በመካከላቸው ሰፊ ጥቁር ቦታ ትተው ተቀመጡ። በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ይተላለፍ የነበረው ፋይል ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ አልተቋረጠም።